ሥራውን አይቶ ባለ እጁን አለማየት

ለአስጎብኚ ባለሙያዎች ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ ንግግር



አዲስ አበባን በአንድ ቀን ሊያይ የመጣ እንግዳ የሚመራበት መንገድ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። ጠዋት ብሔራዊ ሙዚየምን ይጎበኛል፤ ቀጥሎ የቅድስት ሥላሴን ካቴድራል ያያል፤ እንጦጦ ወጥቶ ከተማይቱን ቁልቁል ይመለከታል። ከሰዓት በኋላ ተራው የመርካቶ ይሆንና መኪናው በታላቁ አንዋር መስጊድና በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ባለው ግፊያ መካከል ቀስ እያለ ያልፋል። መስኮት ይዘጋል፤ ኪስና ቦርሳ እንዲጠበቅ ማሳሰቢያ ይሰጣል፤ ገበያው በአፍሪካ ከታላላቆቹ አንዱ መሆኑ ይነገራል፤ ከዚያም መኪናው ወደ ሆቴል ይመለሳል። እንግዳው አገሩ ገብቶ ስለ መርካቶ ቢጠየቅ የሚያወሳው ሁካታውን፣ የተሸካሚውን ፍጥነትና የሸቀጡን ክምር ነው። በዚያ ክምር ጀርባ ሰው ቁጭ ብሎ ቆርቆሮ እንደሚቀጠቅጥ፣ ጎማ እንደሚሰነጥቅ፣ አሮጌ ብረት እንደሚያቃና አላየምና ሊናገር አይችልም።

የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን ጉድለት ማመልከትና መታረሚያውን ማሳየት ነው። ጉድለቱ የመጣው ከጊዜ ማነስ ብቻ አይደለም። የጥበብን ሥራ በሁለት ቤት ከፍሎ የማየት ልማድ አለ። በአንዱ ቤት ሥዕል ተሰቅሎ፣ የሠሪው ስም ከግርጌው ተጽፎ ይታያል፤ ይህ ቤት ጋለሪ ይባላል። በሌላው ቤት ማንደጃ፣ ጀበናና ጋቢ ይሠራል፤ ይህኛው ገበያ ይባላል። የመጀመሪያው ይጎበኛል፤ ሁለተኛው ይታለፋል። ሁለቱን ቤቶች ከለዩዋቸው ነገሮች ዋነኛው የሠሪው ስም መጻፍና አለመጻፍ መሆኑን፣ ያንንም ስም በማስታወቅ ረገድ አስጎብኚው የማይናቅ ድርሻ እንዳለው ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርቡት ምሳሌዎች ያስረዳሉ።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት መናገር ይገባል። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። ወራሪው ኃይል ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን በያዘበት ጊዜ አውሮፓውያንንና አበሻን ለያይቶ ለማስፈር ባወጣው ዕቅድ መሠረት የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር አደረገ። መርካቶ የሚለው የጣሊያንኛ ቃልና አዲስ ከተማ የሚለው የሠፈሩ ስም የዚያ ዘመን ትዝታዎች ናቸው። ዕቅዱ የተነሣው ከመለያየት ሐሳብ ቢሆንም ነጋዴውና ባለ እጁ ገበያውን በራሳቸው ሥርዓት አደራጁት። ይህም ሥርዓት ተራ ይባላል። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥ ከመሰሉ ጋር ይሰለፋል፤ ሸማ ተራ፣ ድር ተራ፣ ጎማ ተራ እየተባለ ሰፊው ገበያ በስም ይከፋፈላል። ተራ የሚያውቅ ሰው መርካቶ ውስጥ አይጠፋም።

ዱባይ ተራ በስሙ ብቻ የቅርብ ዘመን ልጅ መሆኑ ይታወቃል። ነጋዴው ወደ ዐረብ ባሕረ ሰላጤ ወደቦች ተመላልሶ ያመጣው ሸቀጥ የሚታይበት ስለሆነ የሩቁ ከተማ ስም ለመርካቶ ተራ ተሰጠ። በዚህ አካባቢ የሚዘዋወር እንግዳ ልብሱንና ጫማውን፣ የቤት ዕቃውን ሲያይ በሌላ በማናቸውም ከተማ ካየው የተለየ ነገር ላያገኝ ይችላል። ስለዚህም አስጎብኚዎች እዚህ መቆም ፋይዳ የለውም ይላሉ። ነገር ግን ጉብኝቱን ከዚህ መጀመር የሚያስፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው። እዚህ የሚታየው ዕቃ ሁሉ በማን እጅ እንደ ተሠራ የሚያውቅ ሻጭ የለም፤ ገዢም አይጠይቅም። ሠሪው ከዕቃው ፈጽሞ ተለይቷል። ከዱባይ ተራ ተነሥቶ ወደ ምን አለሽ ተራ በእግሩ የሚሄድ እንግዳ ግን በአንድ ገበያ ውስጥ ከአንዱ የንግድ ዓለም ወደ ሌላው ይሻገራል።

ሁለቱን ተራዎች የሚያገናኛቸው ሰው ቆራሌው ነው። በየሠፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚጣራው ይህ ነጋዴ የተሰበረ ብረት ድስት፣ የተበሳ በርሜል፣ የተቃጠለ ራዲዮ፣ ባዶ ጠርሙስ ይሰበስባል። ፕላስቲክ ዕቃ ይዘው አሮጌ ልብስ የሚለውጡትም ልዋጮች ከዚሁ ሙያ ጎራ የሚመደቡ ናቸው። በቅርቡ ከባሕር ማዶ በካርቶን ታሽጎ የገባው ዕቃ አገልግሎቱን ሲጨርስ፣ በቆራሌው ማዳበሪያ ከረጢት ተጭኖ ወደ ምን አለሽ ተራ ይወርዳል። የተራው ስም ራሱ ጥያቄ ነው፤ መልሱም «የማይፈለግ ነገር የለም» የሚል ይመስላል። አሮጌ ቁልፍ፣ የመኪና ፍሬን፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ ክዳን፣ የሽቦ ጥቅል በየዓይነቱ ተለይቶ ይደረደራል። ለሌላው ሰው ቆሻሻ የሆነው እዚህ በሚዛንና በዓይነት የሚገመት ጥሬ ዕቃ ነው።

ከክምሩ አጠገብ ባለ እጆቹ ይሠራሉ። ከመኪና ጎማ በረባሶ የሚቆርጠው ሰው ስለቱን ውኃ እያስነካ ጎማውን እንደ ቆዳ ይሰነጥቃል፤ የእግርን ቅርጽ በዓይኑ ለክቶ ይቆርጣል። ከባዶ ጣሳ ኩራዝ የሚሠራው ቆርቆሮውን በመቀስ ቆርጦ፣ ጠርዙን አጥፎ፣ ሳያፈስ ይገጥመዋል። ከሁሉም በላይ የተመልካቹን ጆሮና ዓይን የሚይዘው የበርሜሉ ሥራ ነው። ዘይት ወይም ኬሚካል የመጣበት 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ክዳኑና መቀመጫው ይቆረጣል፤ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል፤ ከዚያም እየተቀጠቀጠ ተዘርግቶ ጠፍጣፋ ብረት ይሆናል። ከዚህ ጠፍጣፋ ብረት ማንደጃ፣ የውኃ መያዣ፣ አካፋ፣ የበር ልባስ ይወጣል። ንድፍ በወረቀት አይነሣም። ልኬታው በስንዝር፣ መስመሩ በጠመኔ ወይም በሚስማር ጫፍ ነው። መዶሻው አንድ ጊዜ አለቦታው ቢያርፍ ብረቱ ይጎብጣል፤ ስለዚህ ሠራተኛው በእያንዳንዱ ምት ኃይሉን ይመጥናል። ይህን ችሎታ የሚያገኘው ከታላቁ አጠገብ ለዓመታት በመቀመጥ ነው።

እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ የቆየውን ብቻ ይደግማሉ ማለት ስሕተት ነው። በ1980ዎቹ በከተማይቱ የተስፋፋው ላቀች የተባለው የከሰል ማንደጃ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። የኬንያን ማንደጃ መነሻ አድርጎ የተሻሻለው ላቀች ውጪው ቆርቆሮ፣ ውስጡ የሸክላ ልባስ ነው፤ ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዘው ከሰል ይቆጥባል። ዕቃው እንዲሠራ ቆርቆሮ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ መስማማት ነበረባቸው፤ የአንዱ ልክ ከሌላዋ ልክ ካልገጠመ ማንደጃው ዋጋ የለውም። ዛሬ በየቤቱ ያለ ዕቃ ሆኗል። ሆኖም ማንደጃውን የሚገዛ ሰው የዚያን የሁለት ሙያ ስምምነት ታሪክ አያውቅም፤ የቀጥቃጩንም ሆነ የሸክላ ሠሪዋን ስም የሚናገርለት የለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በርሜል የሚቀጠቅጠው ሰው ሥራ ለቤት አገልግሎት የሚውል ተራ ዕቃ እንጂ የሚጎበኝ ጥበብ ነውን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ያንኑ በርሜል ይዞ እስከ ካሪቢያን ባሕር መሄድ ያስፈልጋል።

በሄይቲ ደሴት አገር ዋና ከተማ በፖርት ኦ ፕራንስ እ.ኤ.አ. በ1944 ዲዊት ፒተርስ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ከአገሩ ምሁራን ጋር ሆኖ አንድ የሥነ ጥበብ ማዕከል ከፈተ። ማዕከሉ ትምህርት ቤትም፣ ጋለሪም፣ መሸጫም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ገደማ ፒተርስ ክሯ ዴ ቡኬ በምትባለው ትንሽ ከተማ መቃብር ቦታ የቆሙ የብረት መስቀሎችን አይቶ ሠሪያቸው ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። ሠሪው ዦርዥ ሊዮቶ የተባለ፣ ዕድሜው ከ50 ዓመት ያለፈ ባለ እጅ ነበር፤ የእርሻ መሣሪያ እየጠገነና መስቀል እየሠራ ይተዳደር ነበር። ፒተርስ ሌላም ነገር እንዲሠራ አበረታታው። ሊዮቶ የተጣለ በርሜል እየዘረጋ በመሮና በመዶሻ የሰው፣ የዓሣና የመንፈስ ቅርጾችን ቆርጦ ማውጣት ጀመረ። ከእርሱ በኋላ እነሙራት ብሪዬር፣ እነሰርዥ ዦሊሞ ሙያውን አስፋፉት፤ በከተማይቱ ኖዋይ የሚባለው ሠፈር በሙሉ የብረት ቅርጽ ሠሪዎች መንደር ሆነ። ወደ ደሴቲቱ የሚመጣ ጎብኚ በየደጃፉ እየቆመ መዶሻውን ይሰማ፣ ሠሪውን ያነጋግር፣ ከእጁም ይገዛ ጀመር። የሊዮቶ ሥራዎች በታላላቅ ሙዚየሞች ገቡ።

የሄይቲው በርሜል ከመርካቶው በርሜል የተለየ ብረት አልነበረም። አቆራረጡም ቢሆን ያው ክዳንን ማንሣት፣ ጎንን መሰንጠቅ፣ ቀጥቅጦ መዘርጋት ነው። እዚያ የተገኘው ልዩነት፣ አንድ ተመልካች ባየው ሥራ ረክቶ ሳይሄድ «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ መጠየቁና የመልሱን ስም ይዞ መመለሱ ነበር። በእርግጥ ስም ሁሉን ያድናል ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. ጥር 12 ቀን 2010 በደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ የማዕከሉ ሕንፃ ፈርሷል። ከ2013 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ የታጠቁ ቡድኖች ክሯ ዴ ቡኬን ስለ ተቆጣጠሩ ጎብኚው ቀርቷል፤ ብዙ ባለ እጆችም መንደራቸውን ጥለው ለመሸሽ ተገደዋል። ጎብኚ በመጣ ጊዜ የተገነባ ኑሮ ጎብኚ ሲቀር እንዴት እንደሚናጋ ከዚህ መማር ይቻላል። ቢሆንም ሠሪዎቹ በስም በመታወቃቸው ሥራቸው ከመንደራቸው ውጪ የሚያስታውሰው አላጣም።

ከምን አለሽ ተራ ክምር ተነሥቶ እስከ ዓለም ሙዚየሞች የደረሰ ሥራ በኢትዮጵያም አለ። በአዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ኤልያስ ስሜ፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመርቋል። ከመርካቶ የገዛውን አሮጌ ቁልፍ፣ ክር፣ የኮምፒውተር ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየሸመነና እየደረደረ ግድግዳ የሚሞሉ ሥራዎች ይሠራል። በተወጠረ ገመድ ላይ መራመድን በሚያመለክት ስም የሚታወቁት ተከታታይ ሥራዎቹ፣ ሰው በፈጠረው መሣሪያና በሰው ኑሮ መካከል ያለውን አስጊ ሚዛን ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካው የስሚዝሶንያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሽልማት ሰጥቶታል። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ በመካኒሳ ያቋቋመው ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ሙዚየሙ በጭቃና በጭድ፣ የአገርን የቤት አሠራር በሚያውቁ ግንበኞች እጅ የተሠራ በመሆኑ ጎብኚው የሚያየው የተሰቀለውን ሥራ ብቻ ሳይሆን ግድግዳውንም ጭምር ነው።

ዞማን ለእንግዳ የሚያሳይ አስጎብኚ ብዙ ጊዜ እዚያው ይጀምርና እዚያው ይጨርሳል። ነገር ግን የኮምፒውተር ሰሌዳው ጉዞ የተጀመረው ምናልባት በዱባይ ተራ ሱቅ፣ ከዚያም በቆራሌው ከረጢት፣ ከዚያም በምን አለሽ ተራ ሽቦ ከሽቦ ሲለይ በዋለ ሰው እጅ ነው። እንግዳው ጠዋት ሽቦው የሚለይበትን ቦታ፣ ከሰዓት በኋላ ሽቦው ሥዕል የሆነበትን ቤት ቢያይ፣ ሁለቱም ጉብኝቶች ለየብቻቸው ሊሰጡት የማይችሉትን ማስተዋል ያገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ሕንፃም አዲስ በጀትም አይደለም፤ የጉዞውን ቅደም ተከተል መለወጥ ብቻ ይበቃል።

ስለ ሸማም የሚባለው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የሸማ ሥራ ከእርሻው እስከ ትከሻው ብዙ እጅ ያልፋል። ጥጡ ተዳምጦ፣ ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ልቃቂቱ ድርና ማግ ይሆናል፤ ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን እያቀበለ ይሠራዋል። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ሠፍረው ለከተማይቱ ሲያለብሱ ኖረዋል። በጠርዙ ላይ የሚወጣው ባለ ቀለም ሥራ ጥለት፣ ሲበልጥም ጥበብ ይባላል። በአማርኛ ዕውቀትን፣ ማስተዋልን፣ ሥነ ጥበብንና የቀሚስን ጠርዝ በአንድ ቃል መጥራት የተለመደ መሆኑ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ዛሬ ያንን ጥበብ የሚመስል፣ በባሕር ማዶ ፋብሪካ የታተመ ጨርቅ በመርካቶ በሰፊው ይሸጣል። ዋጋው ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ለበዓል ይገዛዋል፤ ገዢውን በዚህ መውቀስ አይገባም። ችግሩ የታተመው እንደ ተሸመነ ሆኖ ለእንግዳ ሲሸጥ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ጨርቁን መገልበጥ ይበቃል። የታተመው በጀርባው ይደበዝዛል ወይም ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ የተሸመነው ግን ክሩ በድሩ መካከል ሲገባና ሲወጣ በጀርባውም ይታያል፣ ጣትም ይለየዋል። ከእጅ ሸማኔ የሚወጣው ጨርቅ ስፋቱ በሰው ክንድ ልክ የተወሰነ ስለሆነ ሰፊው ልብስ በስፌት የተጋጠመ ነው። አንድ አስጎብኚ እነዚህን ምልክቶች ለእንግዳው ባያስተምር፣ ሸማኔው የአንድ ሳምንት ድካሙን ማሽኑ በአንድ አፍታ ካወጣው ጋር በአንድ ዋጋ እንዲወዳደር ይፈርድበታል።

ሠሪውን ማየት ደግሞ ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ማየት አይደለም። ከጋሞ አካባቢ ሕፃናት ትምህርት ትማራላችሁ ተብለው ወደ አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ በሽመና ቤት ረጅም ሰዓት እንዲሠሩ መደረጋቸው ለብዙ ዓመታት ሲነገርና ሲጠና የቆየ ጉዳይ ነው። ነጠላው ከሱቅ ሲገዛ ይህ አይታይም። ሽመና ቤቱ በር ላይ የቆመ ሰው ግን ከጉድጓዱ አፍ የተቀመጠው አዋቂ ይሁን ልጅ በዓይኑ ያያል። ስለዚህ አስጎብኚው ወደ ሥራ ቤት ሲገባ የእንግዳውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የራሱንም ሕሊና ይዞ ይገባል፤ ሕፃን በሚሠራበት ቤት እንግዳ ባለማስገዛትና ለሚመለከተው ክፍል በማስታወቅ የሚያደርገው ነገር አለ።

ባለ እጁ ከዓይን የተሰወረው በዛሬው ገበያ ብቻ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ሥራቸው እየተፈለገ ራሳቸው ይናቁ፣ ቡዳ እየተባሉም ይሸሹ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን ከልክለዋል፤ አዋጁ መውጣቱ ራሱ ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች የንቀቱን ቅሪት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ተሸክመዋል። ጀበናዋ በእያንዳንዱ ቤት በክብር ሲቀመጥ ሠሪዋ ግን በሠፈሯ ተለይታ ትኖር ነበር። በሥዕል በኩልም ቢሆን፣ በከተማይቱ የመጀመሪያ ዘመን ለውጭ አገር ሰዎች የዓድዋን ጦርነትና የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሸራ ሥለው ከሸጡት መካከል እንደ በላቸው ይመር ስማቸው የታወቀ ጥቂቶች ናቸው፤ የብዙዎቹ ሥራ በየአገሩ ሙዚየም ያለ ስም ተሰቅሏል። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት ለወርቁ ብቻ ሳይሆን ለአንጥረኛውም ይሠራል።

ዛሬ ለነዚህ ሥራ ቤቶች ሌላ ሥጋት ተጨምሯል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ የተነሣው እሳት ተጠጋግተው የተሠሩ ሱቆችን አቃጥሎ የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት በአንድ ሌሊት አጥፍቷል። ዝቅተኞቹ የቆርቆሮ ቤቶች በፎቅ መተካታቸውም ቀጥሏል። ከእሳትና ከጥበት አንፃር ሲታይ አዲሱ ሕንፃ ተገቢ ነው። ነገር ግን በርሜል በአራተኛ ፎቅ አይቀጠቀጥም፤ የጎማ ክምርም በአሳንሰር አይወጣም። ስለ ከተማው መሻሻል የሚወስኑ ሰዎች በቦታው መደብር ብቻ እንዳለ ካመኑ ለመደብር የሚሆን ሕንፃ ይሠራሉ። ሥራ ቤት እንዳለ፣ ሰዎችም ሊያዩት እንደሚመጡ ካወቁ ግን ምድር ቤቱን ለመዶሻው ሊተዉለት ይችላሉ። አስጎብኚው የሚያመጣው እንግዳ በዚህ ረገድ ምስክር ይሆናል።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ተግባሩ ምን መሆን አለበት የሚለው ይቀራል። አንደኛ፣ ጉብኝቱ በእግርና በትንሽ ቁጥር ይሁን፤ ከአምስት ሰው የበለጠ ቡድን ሥራ ቤት በር ላይ ሲቆም መንገድ ይዘጋል፣ ሠራተኛውንም ያስፈታል። ገበያው የሚጨናነቅበት ቅዳሜ ቀርቶ በሌላ ቀን ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛ፣ ባለ እጁ አስቀድሞ ይጠየቅ። ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ፈቃዱ ይገኝ፤ ሥራውን አቁሞ ላስረዳበት ጊዜ ዋጋ ይከፈለው። ሰውን በድህነቱ እንደ ትርኢት ማሳየት ከመስኮት ዘግቶ ከማለፍ አይሻልም፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው እንግዳው የሚያየው ችሎታውን መሆኑ ነው። ሦስተኛ፣ ስሙ ይታወቅ። ለተገዛው ዕቃ ሁሉ የሠሪው ስም፣ ሠፈሩ፣ የተሠራበት ነገርና የወሰደው ጊዜ የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ቢያያዝ፣ ዕቃው በባዕድ አገር ሳሎን ሲቀመጥ ስሙም አብሮ ይቀመጣል። ስሙ እንዲጻፍ የማይፈቅድ ባለ እጅ ካለ ፈቃዱ ይከበርለት።

አራተኛውና ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው የኮሚሽን ጉዳይ ነው። አንዳንድ አስጎብኚ እንግዳ ወደ መደብር ሲያስገባ ከሽያጩ ድርሻ እንደሚቀበል በሙያው ውስጥ የተሰወረ አይደለም። መደብሩ ይህን ድርሻ ከራሱ ትርፍ ላይ አይቆርጥም፤ ወይ በእንግዳው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል፣ ወይ ከሠሪው ክፍያ ላይ ይቀንሰዋል። ሥራ ቤት በር ላይ ግን የሚቆረጠው ከማን እንደ ሆነ ፊት ለፊት ይታያል። አስጎብኚው ደመወዙን በግልጽ ከእንግዳው ቢቀበልና የዕቃው ዋጋ በሙሉ ለሠሪው ቢደርስ፣ ለጊዜው ገቢው ሊያንስ ይችላል። ሆኖም ሥራ ቤቶቹ ከተዘጉ አስጎብኚው ነገ የሚያሳየው ከባሕር ማዶ የታተመውን ጨርቅ ብቻ ነው፤ ያንን ለማየት ደግሞ እንግዳው አዲስ አበባ ድረስ መምጣት አያስፈልገውም።

ሥራው ለአንድ አስጎብኚ ብቻ ቢተው ይከብዳል። አንዱ የምን አለሽ ተራን ቀጥቃጮች ያውቃል፤ ሌላው የሽሮ ሜዳን ሸማኔዎች፤ ሌላዋ የቀጨኔን ሸክላ ሠሪዎች። እያንዳንዱ የሚያውቀውን አምጥቶ ማኅበሩ የጋራ መዝገብ ቢያዘጋጅ፣ በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ባለ እጆች በስም፣ በሙያና በሠፈር የሚገኙበት ሰነድ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና፣ የተበታተነው ዕውቀት ሲሰበሰብ ጋለሪውና ገበያው በአንድ የጉብኝት መንገድ ላይ ይሰለፋሉ። ያን ጊዜ ከዱባይ ተራ የተነሣ እንግዳ በምን አለሽ ተራ በኩል አልፎ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ፣ በመጨረሻም ዞማ ሲገባ፣ በሁሉም ቦታ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይህን ማን ሠራው? የአስጎብኚው ሙያ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዞ መገኘት ነው።